የማይበላው ሹሩባ

ይህ ተረት ራሱ እንደ ሹሩባ ነው። ከአንድ ቀጭን ዘለላ ይጀምራል፤ እየተጨመረበት ይረዝማል፤ ጫፉ ካልተቋጠረ ደግሞ ይፈታል። እንግዲህ ጫፉን ያዙ።

ሙዝ በሚበቅልበት ቆላ አንዲት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሰው ሰውን እንቢ አይልም፤ ነውር ነው። እንቢ የሚለው ዕቃው ነው። መጥረቢያውን ማዋስ ያልፈለገ ሰው፣ "እኔስ በሰጠሁህ፤ መጥረቢያው ዛሬ አልወጣም ብሏል" ይላል። ጠያቂውም አይቀየምም። መጥረቢያው ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃል።

ታንጋ የዚያች ከተማ ሙዝ ጫኝ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ነው። አልታዬ የምትባል አንዲት እኅት አለችው። ልጆች ሳሉ ጎጇቸው ተቃጠለ። እናታቸው አልወጣችም። ታንጋ እኅቱን አዝሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየሰው በረንዳ አደጉ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ "አለፈ" ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። እሳቱ ግን በአልታዬ ራስ ላይ ምልክቱን ትቷል። ከግራ ጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ጸጉር አይበቅልም።

አልታዬ ያን ቦታ በሹሩባ ትሸፍነው ነበር። ከሱቅ የሚገዛውን የላስቲክ ጸጉር ከራሷ ጸጉር ጋር ታስጎነጉናለች፤ ማንም አያውቅባትም። ላስቲኩ ግን ይበላታል። ፀሐይ ሲወጣ ይበላታል፣ ስትተኛ ይበላታል፤ ስታክከው ይቆስላል። በመጨረሻ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ራሷን አየችና፣ "ይህ ካልወረደ ቁስሉ አይደርቅም" አለቻት። ሹሩባው ተቆርጦ ወረደ። ቁስሉም ደረቀ። ሠርጓ ግን ደረሰ።

"እሑድ ሙሽራ ነኝ" አለች አልታዬ። "በሻሽ ተጠቅልዬ ሙሽራ አልሆንም። ራሴን ገልጬም ሰው ፊት አልቆምም። የማይበላ ሹሩባ ነው የምፈልገው። እሱ ካልተገኘ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

"ሙሽራው አያውቅም እንዴ?" አለ ታንጋ።

"እሱማ ያውቃል። ዘመዶቹ ናቸው የማያውቁት። እናቱ ዓይናቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።"

"እሺ" አለና ወጣ።

ሥራ ቦታው ደርሶ ዘለላ ሙዝ ሲያስር እጁን አየ። የናይለን ገመድ አንገቱን እየላጠ ስላስቸገረው ከተወው ቆይቷል። አሁን የሚያስረው ከሙዙ ግንድ ራሱ በሚወጣ ቃጫ ነው። ቃጫው ላብ እየነካው፣ ቀኑን ሙሉ አንገቱን እየፈተገው፣ አንድ ቀን በልቶት አያውቅም።

"አንገቴን ያልበላ ራሷን ለምን ይበላል?" አለ ለራሱ።

ፍሬው የተቆረጠለት ግንድ የማንም አይደለም፤ ተጋድሞ ይበሰብሳል። ታንጋ አንዱን ግንድ ላጠው። ልጣጩን በሳንቃ ላይ ዘርግቶ በቢላዋ ጀርባ ፋቀው። ውኃው ወጣ፤ ሥጋው ወጣ፤ ረጅም፣ ፈዛዛ ወርቅ የሚመስል ክር ቀረ። ጠቅልሎ ወደ እትዬ ብርነሽ ሄደ።

እትዬ ብርነሽ ከቦዩ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ሹሩባ ይሠራሉ። የከተማዋ ሴት ሁሉ ራሷን ለእሳቸው ሰጥታ ምስጢሯንም አብራ ትሰጣለች።

"እትዬ፣ ይህን ለአልታዬ ይጎንጉኑላት።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቃጫ።"

"ቃጫ!" እትዬ ብርነሽ ሚዶውን ጣል አደረጉት። "የኔ ልጅ፣ ሴት ስትሰደብ እኮ ነው ጸጉርሽ ቃጫ የምትባለው። አንተ ጭራሽ ተሸክመህልኝ መጣህ?"

ወንበሩ ላይ የነበረችው ሴት እስክታነባ ሳቀች። ታንጋ አልሳቀም። እትዬ ብርነሽ ፊቱን አዩና ከቃጫው ጥቂት መዝዘው ጉንጫቸው ላይ አሻሹት።

"ይወጋል። እኔስ በጎነጎንኩላት፤ ጣቴ ነው እንቢ ያለኝ።"

"ጣትዎ ምን ይፈልጋል?"

"የተበጠረ ይፈልጋል። ጋሽ ሻጋ ጋ ሂድ።"

ጣት አልጎነጉንም አለ፤ አልታዬም አልወጣም አለች።

ጋሽ ሻጋ ገመድ ገማጅ ናቸው። ሳንቃ ላይ ምስማር ደርድረው የሠሩት ማበጠሪያ አላቸው።

"ጋሽ ሻጋ፣ ቃጫው ካልተበጠረ ጣት አልጎነጉንም አለ፤ ሹሩባው ካልተጎነጎነ አልታዬ አልወጣም አለች። ማበጠሪያዎ ያበጥርልኝ።"

ጋሽ ሻጋ ቃጫውን በምስማሩ መሃል ሳብ አደረጉት። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተበጠሰ።

"ሰማኸው? እያጉረመረመ ነው። ደረቅ ነገር አላበጥርም ይልሃል።"

"ምን ይፈልጋል?"

"የተቀቀለ።"

"ቃጫ እንደ ድንች ይቀቀላል?"

"በአመድ ውኃ ተቀቅሎ የማይለሰልስ ነገር የለም፤ ከአማቴ በቀር" አሉ ጋሽ ሻጋ። "እማማ ዘርፌ ጋ ሂድ።"

ማበጠሪያ አላበጥርም አለ፤ ጣት አልጎነጉንም አለ፤ አልታዬም አልወጣም አለች።

እማማ ዘርፌ ለሸማኔዎች ክር ይነክራሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ላይ የተቀመጠ ትልቅ በርሜል አለ። ታንጋ ቃጫውን መሬት አስቀመጠና ተናገረ።

"እማማ፣ ቃጫው ካልተቀቀለ ማበጠሪያ አላበጥርም አለ፤ ካልተበጠረ ጣት አልጎነጉንም አለ፤ ካልተጎነጎነ አልታዬ አልወጣም አለች። በርሜልዎ ይቀቅልልኝ።"

"ዛሬ ደግሞ ምላስ አወጣህ!" አሉ እማማ ዘርፌ። "ከተወለድክ ይህን ያህል ስታወራ አልሰማሁም። እኔስ እሺ ባልኩ። በርሜሉን ግን እየው፤ አፉ ደርቋል። አልቀቅልም ብሏል።"

"ምን ይፈልጋል?"

"ውኃ ነዋ! የቦይ ድፍርስ ሳይሆን የምንጭ ውኃ፤ ራስ ላይ የሚወጣ ነገር አይደል? ማጥቆሪያውንም ከዛፍ ቅርፊት ነው የማወጣልህ። የፋብሪካውን ዱቄት አላስጠጋበትም፤ እሱ ለጥለት ነው እንጂ ለሰው ራስ አይሆንም። በል ማንደፍሮን ውኃ አምጣ በለው።"

በርሜል አልቀቅልም አለ፤ ማበጠሪያ አላበጥርም አለ፤ ጣት አልጎነጉንም አለ፤ አልታዬም አልወጣም አለች።

ማንደፍሮ በአህያ ውኃ እያመላለሰ ይሸጣል። አህያዋን እመቤት ይላታል። ታንጋ ሲደርስ እመቤት በደረቀው ቦይ መሃል ቆማለች፤ ባዶ ጀሪካኖቿ ጎንና ጎኗ ላይ ተንጠልጥለዋል። ማንደፍሮ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ያያታል።

"እኔማ ዝግጁ ነኝ" አለ ማንደፍሮ። "እመቤት ናት አልሄድም ያለችው።"

"ብትነግራትስ?"

"እኔን ሰልችታኛለች። አንተ ንገራት።"

ታንጋ ወዲያ ወዲህ አየና ጎንበስ አለ። "ውኃ ካልመጣ በርሜል አልቀቅልም አለ። ካልተቀቀለ ማበጠሪያ አላበጥርም አለ። ካልተበጠረ ጣት አልጎነጉንም አለ። ካልተጎነጎነ አልታዬ አልወጣም አለች።"

እመቤት አንድ ጆሮዋን አዞረች፤ መልሳም ወደ ቦታው አመጣችው።

"በደንብ ነው ያስረዳሃት" አለ ማንደፍሮ። "አላሳመንካትም እንጂ።"

"ምን ትፈልጋለች?"

"ከዚህ ቦይ ሳትጠጣ ምንጭ ወርዳ አታውቅም። ልማዷ ነው። ቦዩ ደግሞ እንደምታየው ነው። የውኃ አባቱን ጠይቃቸው።"

አህያ አልሄድም አለች፤ በርሜል አልቀቅልም አለ፤ ማበጠሪያ አላበጥርም አለ፤ ጣት አልጎነጉንም አለ፤ አልታዬም አልወጣም አለች።

ታንጋ ደረቁን ቦይ ይዞ ወደ ላይ ሄደ። ቦዩ መንገዱን በቱቦ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የውኃ አባቱ አባባ ጉጃ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ውኃ ለማን መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

"አባባ ጉጃ፣ ቦዩ ምን ሆኖ ነው?"

"አልፈስም ብሏል።"

"ምን ይፈልጋል?"

"ጉሮሮው ታንቋል፤ የሚያወጣለት ይፈልጋል። ውኃው መንገዱን ይዞት እንዳይሄድ ከላይ ዘግቼዋለሁ።"

"እኔ አወጣዋለሁ" አለና ታንጋ እጅጌውን ሰበሰበ።

"አንተ ነህ ያነቅኸው?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ተወው። የቦዩን ደንብ ታውቃለህ። ያነቀው እጅ ያወጣዋል፤ ሰው እያየ። አለዚያ ነገም ይታነቃል።"

"ያነቀው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"ጫፉን ሳብ አድርገህ እይ። ማየት አልተከለከለም።"

ታንጋ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ቱቦው ሰደደ። ሣር መስሎት ነበር፤ ሣር አይደለም። ማዳበሪያ መስሎት ነበር፤ ማዳበሪያም አይደለም። ጸጉር ነው። ጥቁር፣ ቡኒ፣ ቀይ የላስቲክ ጸጉር፣ ተጠላልፎ እንደ መርከብ ገመድ ወፍሯል። እትዬ ብርነሽ እየቆረጡ ወደ ቦዩ የሚጥሉት የከተማው ሹሩባ ሁሉ እዚያ ነው። አይበሰብስም፤ አይሟሟም፤ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል። ጫፉ ላይ መዳብ የመሰለ ሹሩባ ወጣ። በሹሩባው ጫፍ ነጭ ዛጎል ታስሯል።

ዛጎሉን ያሰረው ታንጋ ራሱ ነው። ለመስቀል በዓል፣ አልታዬ ለምናው።

"ታውቀዋለህ?" አሉ አባባ ጉጃ።

አላውቀውም ቢል ማን ይፈርድበታል? ከተማው ውኃ ባይጠማው ኖሮ ይል ነበር።

"አውቀዋለሁ" አለ። "እንግዲያው ባለጸጉሯም፣ የጣለው እጅም ይምጡ" አሉ አባባ ጉጃ።

ዛጎሉን ፈትቶ ወደ ቤት ሄደ። ቦይ አልፈስም አለ፤ አህያ አልሄድም አለች፤ በርሜል አልቀቅልም አለ፤ ማበጠሪያ አላበጥርም አለ፤ ጣት አልጎነጉንም አለ፤ አልታዬም አልወጣም አለች። አሁን ደግሞ አልታዬ ካልወጣች ቦዩ አይፈስም።

አልታዬ ሻሿን አስራ ከጥግ ተቀምጣለች። ታንጋ ዛጎሉን መዳፏ ላይ አኖረው።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከቱቦው።" ሁሉንም ነገራት፤ ከቦዩ እስከ ጣቱ።

አልታዬ ዛጎሉን አገላበጠችው። "ታዲያ እኔ እንድወጣ፣ መጀመሪያ እኔ መውጣት አለብኝ?"

"እንደዚያ ነው።"

"የሞኝ ነገር ነው።"

"ነው።"

"ከተማው ሁሉ እዚያ ነው?"

"ውኃ የጠማው ሁሉ እዚያ ነው።"

ውጭ ሰው ባዶ ጀሪካን እያንኳኳ አለፈ። ታንጋ በሩን ተደግፎ ቆመ።

"ሌሊት ሄጄ ባወጣው አባባ ጉጃ አያዩም" አለ።

"ደንቡስ?"

"እኔን ደንብ አላሳደገኝም። ቢያንስ አብሬሽ ልጎትት።"

አልታዬ ተነሥታ ሻሿን አጠበቀች። "አንተ አንድ ጊዜ አውጥተኸኛል" አለች። "ይህን እኔ አወጣዋለሁ።"

በመንገዷ እትዬ ብርነሽ ቤት ቆመች። "እትዬ፣ ይነሡ። መቀስዎ የቆረጠውን እጅዎ ያውጣው።"

"የት?"

"ከቦዩ ጉሮሮ።"

እትዬ ብርነሽ መቀሱን አዩ፤ ቦዩን አዩ፤ ነጠላቸውን አደገደጉ።

ቱቦው ጋ ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ሻጋ አሉ፤ እማማ ዘርፌ አሉ፤ ማንደፍሮ እመቤትን ከቦዩ ማስወጣት አቅቶት ከቱቦው ዝቅ ብሎ አጠገቧ ቆሟል። ሁለቱ ሴቶች ቦዩ ውስጥ ወርደው ያዙ። ጎተቱ። ጸጉሩ ዝልግልግ ብሎ ከእጃቸው ሾለከ። እንደገና ጎተቱ፤ እንደገና ሾለከ።

"የሚያዝበት ጨርቅ ካልተጠመጠመበት አይወጣም!" አሉ ጋሽ ሻጋ ከላይ።

እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን ሊፈቱ ሲሉ አልታዬ ቀደመቻቸው። ሻሿን ፈታች። ሰው ሁሉ እያየ ፈታችው፤ በዚያ ጸጉር ላይ ጠመጠመችው፤ አንዱን ጫፍ ለእትዬ ብርነሽ ሰጠች፤ ሌላውን በክንዷ ላይ አዞረች። ታንጋ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆመ። ይህን ያህል ከባድ ነገር ተሸክሞ አያውቅም።

"አንድ ላይ!"

ቱቦው ጓ አለ። ያ ሁሉ የላስቲክ ጸጉር፣ ጥቁሩም ቡኒውም ቀዩም፣ ጭቃ ለብሶ እንደ አውሬ ተጎትቶ ወጣ። ሁለቱም ሴቶች ወደ ኋላ በቂጣቸው ተቀመጡ።

ማንም አልሳቀም። አልታዬ ተነሥታ ቆመች፤ ራሷ ገላጣ ነው፤ ጠባሳው በቀን ብርሃን ይታያል። ማንደፍሮ እንኳ፣ ለሁሉም ነገር ቀልድ ያለው ሰውዬ፣ መሬት መሬት አየ።

አባባ ጉጃ ከቱቦው ላይ ተነሡ። ጠባሳውን አተኩረው አዩት። ከዚያ ሰው ያለእሱ አይቷቸው የማያውቀውን ባርኔጣ አወለቁ። ራሳቸው ከግንባር እስከ ማጅራት እንደ ብርጭቆ ያበራል።

"የኔም እዚህ ጋ አልበቅልም ብሏል" አሉ። "ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው፣ ብጠይቀው፣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።"

መጀመሪያ የሳቀችው አልታዬ ናት። ከዚያ ማንደፍሮ፤ ከዚያ ሁሉም። አባባ ጉጃ ባርኔጣቸውን እሷ ራስ ላይ ደፉና ከፍ ብለው የውኃውን መዝጊያ አነሡ።

ያን ጊዜ ቦዩ አንዴ ሳል አለና ፈሰሰ። ቦይ ሲፈስ አህያ ጠጣች። አህያ ስትጠጣ ማንደፍሮ፣ "እመቤት ፈቅደዋል!" ብሎ ጮኸ፤ ምንጭ ወርዳ ተመለሰች። ውኃ ሲመጣ በርሜል ቀቀለ፤ አመዱ ቃጫውን አለሰለሰው፤ ቅርፊቱ አጠቆረው። ሲቀቀል ማበጠሪያ አበጠረ፤ ጋሽ ሻጋ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ "ዛሬ አላጉረመረመም" አሉ። ሲበጠር እትዬ ብርነሽ ጉንጫቸው ላይ አሻሹት፤ ሁለተኛም አሻሹት፤ ጣት ጎነጎነ።

"ይህን ቦታ እንዴት ላድርግልሽ?" አሉ እትዬ ብርነሽ ከጆሮዋ በላይ ሲደርሱ። "አጥብቄ ልሸፍነው?"

"አይጥበቅ" አለች አልታዬ። "ሹሩባው እንደወደቀ ይውደቅ።"

አልታዬም ወጣች።

እሑድ ዕለት የሙሽራው እናት ዓይናቸውን ይዘው መጡ። ሹሩባውን አዩ፤ ነኩ፤ በጣታቸው መዘኑ። ጠባሳውንም አዩ። ስለ ጠባሳው ምንም አላሉም።

"ይህ ጸጉር ከየት አገር የመጣ ነው፣ ልጄ?"

"ከጓሮ ነው፣ እማማ።"

"አይበላም?"

"አይበላም።"

"ለኔም አሠሪልኝ።"

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብርነሽ በራቸው ላይ ማዳበሪያ ሰቀሉ፤ የተፈታ ላስቲክ ወደዚያ እንጂ ወደ ቦዩ አይጣልም። ታንጋ ከሙዙ ጋር ግንዱንም ይሸከማል። ሴቶቹም ሲመጡ ቃጫ ብለው አይጠሩትም። "የማይበላውን ሥሩልኝ" ይላሉ።

አልታዬ ሹሩባዋን የፈታች ቀን፣ ታጥቦ እንዲደርቅ አጥሩ ላይ አሰጣችው። ከጓዳ ስትመለስ አጥሩ ባዶ ነው። እመቤት ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ታኝካለች፤ የሹሩባው ጫፍ ከአፏ ይንጠለጠላል። ማንደፍሮ እየሮጠ መጣ።

"አልታዬ፣ ይቅር በይኝ! አንቺ ደግሞ የማይበላ ነው አልሽ እኮ!"

አልታዬ አጥሩን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። በር ላይ ቆሞ ዘለላ የሚያስረው ታንጋም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ማንም ሲስቅ ያላየው ታንጋ፣ ጥርሱ ታየ።

"ተዋት" አለች አልታዬ። "ያኛው እኔን በላኝ፤ ቦዩንም አነቀ። ይህን እመቤት ትብላው።"

ሹሩባው በአህያ ሆድ አለቀ፤ ተረቱም በዚሁ ተቋጠረ። የላላበት ካለ፣ ከጫፉ ጀምሮ ይጎንጉነው።